ቆቃ ላይ ያልሸተተኝ ሽታ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ዛሬ ሕልም ይመስለኛል። አዳማ፣ ቀትር ላይ፣ የእንስሳት ክሊኒካችን ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል። አንዲት ነጭ ውሻ ጠረጴዛው ላይ ቆማ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፈውን አቧራ ታያለች። ዶክተራችን ጓንት አቀበለኝና፣ "የሰዓት ፊት አስብ" አለኝ። "ፊንጢጣዋ መሐሉ ነው። አራትና ስምንት ቁጥር ላይ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ሲሞሉ ያሳክካታል፤ መቀመጫዋን መሬት ላይ የምትጎትተው ለዚያ ነው።"

ጓንቱን ቫዝሊን ቀብቼ፣ ጅራቷን አንሥቼ፣ አመልካች ጣቴን አስገብቼ ከውጭ በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ጨመቅሁ። ከሥር በያዝኩት ጥጥ ላይ ቡናማ ፈሳሽ ወጣ። የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ዶክተሩ ሳቀና፣ "ትለምደዋለህ" አለኝ።

ለመድኩት፤ እንዲያውም ተመካሁበት። ከዓመታት በኋላ አንድ ውሻ ገና በር ላይ ሳለ፣ "ይሄ ከረጢቱ ሞልቷል" እያልኩ እጎርር ነበር። ባለቤቶቹ "ኮሶ ይዞት ነው" ብለው ሲመጡ አፍንጫዬን ጠቁሜ አርማቸዋለሁ።

አንድ ማለዳ ቆቃ ተጠራሁ። የጠሩኝ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል፤ ጀልባዎቹ በጉሙ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ዳር ዳሩን የዓሣ ሆድ ዕቃ ተቆልሏል። ውሻቸው ሻምበል መቀመጫውን አሸዋው ላይ እየጎተተ መጣ።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ሐኪሙ" አሉኝ። "ዓይኔ ደክሟል። ጉማሬ ከሣር ሲመለስ ቀድሞ የሚነግረኝ እሱ ነው። ሻምበል ታሞ ከተኛ እኔ ወደ ውኃው አልወርድም።"

"ምን ይበላል?"

"የዓሣ ሆድ ዕቃ ነዋ! ሌላ ምን አለ?"

ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ዓሣ ዓሣ ይላል። መረቡም፣ ሽማግሌውም፣ እኔም ያው ነን፤ የከረጢቱ ሽታ ተለይቶ አልመጣልኝም። ጓንቴን ከቦርሳ ሳላወጣ፣ "ኮሶ ነው አባባ" ብዬ የትል ክኒን ሰጠሁና ጉሙን እያየሁ ተመለስኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኦቦ ገመዳ ሻምበልን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ሚኒባስ አልጭንም ቢላቸው ባጃጅ ተኮናትረው አዳማ ደረሱ። ከጅራቱ ሥር ያበጠው ፈንድቶ መግል ይወርዳል። ውሻው መቆም አቅቶታል።

"ሊሞትብኝ ነው?" አሉ።

ዶክተሩ ታሪኩን ሰማና ወደ እኔ ዞረ። "አፍንጫህ የት ነበር?"

"ቆቃ።"

"ጣትህስ?"

ጓንቴን አጠለቅሁ። ውሻውን አደንዝዘን ቁስሉን አጠብን፤ አንቲባዮቲክ ወጋነው። ከዚያም ደጅ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋ ሄጄ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው አባባ፤ ጅራቱን አላነሣሁም" አልኳቸው። "እኔስ አብሬው እያደርኩ መች ሸተተኝ?" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሻምበል ዳነ፤ ከረጢቱ ግን ደጋግሞ ይሞላ ነበር። የዓሣ ሆድ ዕቃውን አስቀነስኩ፤ ዓይነ ምድሩ ወፈር ብሎ ሲወጣ ከረጢቱን ራሱ እንዲጨምቀው ምግቡ ላይ ፉርሽካ አስጨመርኩ። በየወሩ ቆቃ እየሄድኩ በጣቴ አየዋለሁ። ካልሞላ እተወዋለሁ፤ ያለ ምክንያት መጨመቅም ያሳብጣል። እያደር በሁለት ወር አንዴ በቃው።

አንድ ማለዳ አይቼው ጓንቴን ሳወልቅ ሻምበል ወደ ጉሙ ሮጦ ገብቶ ጮኸ። ኦቦ ገመዳ ቀጥ ብለው ቆሙና ክንዴን ያዙኝ። ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት አንድ ትልቅ ጥቁር ገላ ቀስ እያለ ውኃው ውስጥ ገባ። ጤነኛ ዓይን ይዤ እኔ አላየሁትም ነበር።

ለእናንተ ለአዲሶቹ የክሊኒካችን ሠራተኞች የምለው ይህንኑ ነው፤ ውሻ መቀመጫውን ከጎተተ፣ ቢሸትም ባይሸትም፣ ጅራቱን አንሥታችሁ በጣታችሁ ሳታዩ መድኃኒት አትስጡ።