ግንቦት ልደታ በቀዩ ባቡር

ዘንድሮም የጥርስ ሐኪሜ የልደት ካርድ ላከልኝ። ጃኑዋር አንድ። ፊኛ የያዘች ድብ አለችበት፤ ወረቀቱ ክሊኒክ ክሊኒክ ይሸታል። ኤዲያ! እኔ እቴ ጃኑዋር አልተወለድኩም። ጀርመን ስንገባ እናቴ «ግንቦት ልደታ ነው የወለድኳት» ብትል ማን ይስማት፤ የልደት ወረቀት ስላልነበረን ጸሐፊው ጃኑዋር አንድ ብሎ ጽፎ ተገላገለ። ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ ሰፈር፣ እኛ ፎቅ ላይ፣ ግማሹ ሀበሻ የጃኑዋር አንድ ልጅ ነበር። የአዲስ ዓመት ርችት ሲተኮስ እርስ በርሳችን «እንኳን ተወለድክ» እየተባባልን እንስቅ ነበር።

ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ግን ሳቄ ጠፋ። ከፍራንክፈርት አንድ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ታውኑስ ተራራ ሥር፣ የአንድ ቤተሰብ የሆነ መጫወቻ ፓርክ አለ። የጀመሩት የአሁኗ የፓርኩ ባለቤት አባት ናቸው፤ መጀመሪያ ከምግብ ቤታቸው ጓሮ ሁለት ድንክ ፈረስና አንድ ዥዋዥዌ ብቻ ነበር። በኋላ ሥራ ካቆመ የድንጋይ ካባ ትንሽዬ ባቡር ገዙና ቀይ ቀለም ቀቡት። ደወሉን መጀመሪያ የደወለችው ትንሿ ልጃቸው ነበረች፣ በልደቷ ቀን። ይህ ሁሉ መግቢያው ላይ በፎቶ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ፦ በተወለደበት ቀን የመጣ ልጅ፣ አውስቫይሱን፣ መታወቂያውን፣ አሳይቶ፣ ከነጂው አጠገብ ይቀመጣል፤ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ደወሉን እሱ ይደውላል።

በክላስ ጉዞ ሄደን አንዷ ጓደኛዬ ስትደውል ቆሜ አየኋት። ቅናቴ አሁን ድረስ ትዝ ይለኛል። ፓርኩ በብርዱ ወራት ዝግ ነው። ጃኑዋር የተወለደ ልጅ ያንን ደወል መቼም አይነካውም። ቤት ገብቼ እያለቀስኩ ለእናቴ ነገርኳት።

«እንዲያ ነው? ቆይ፣ ልደታ ትምጣ!» አለች።

ግንቦት ልደታ እሑድ ዋለች። ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ የልደታ ንፍሮ ደጅ ነው የሚበላ ብላ በላስቲክ ዕቃ ሞልታ፣ በባቡርና በቡስ ይዛኝ ሄደች። የታጨደ ሣርና የማሽን ዘይት ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለን።

ትኬት ቆራጩ ወጣት አውስቫይሴን አገላበጠና «ጃኑዋር ነው የሚለው» አለ።

«ውሸት ነው!» አለች እናቴ።

ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ፊቴ ጋለ። ነጠላዋን እየጎተትኩ «ማማ፣ ቢተ፣ ኮም! እባክሽ ነይ እንሂድ!» አልኳት። እሷ እቴ፣ ንቅንቅ አላለችም! ጭቅጭቁን ሰምተው የፓርኩ ባለቤት ከውስጥ ወጡ፤ ፎቶው ላይ ደወል የምትደውለው ልጅ፣ አሁን ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል። እናቴ ጣቷን ደረቷ ላይ ተክላ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዋ ነገረቻቸው።

«ይህን የጻፈው ሰውዬ እዚያ አልነበረም። ኢሽ ቫር ዳ! እኔ ነበርኩ! እኔ ነኝ ያማጥኩት!»

ሴትየዋ አውስቫይሱን አዩ፣ እናቴን አዩ።

«ዳስ ሽቲምት» አሉ፤ እውነቷን ነው ማለታቸው ነው። «እናትየዋ እያሉ ወረቀት ምን ያደርግልናል?»

ምን ልበላችሁ! ስሜ በዚያ ሁሉ ዛፍ ላይ ሲያስተጋባ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰልፍ ላይ ሲያጉረመርሙ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ። ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ በየመታጠፊያው ደወልኩ፤ ነጂው እስኪበቃው ደወልኩ። ከዚያ በኋላ ዲፕሎም ተቀብያለሁ፣ ተድሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ግን የለም።

ስንመለስ ሴትየዋ እናቴ የሰጠቻቸውን ንፍሮ እየቆረጠሙ መሳፈሪያው ላይ ይጠብቁን ነበር።

«የእርስዎስ ልደት መቼ ነው?» አሏት እናቴን።

«ጃኑዋር አንድ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። በአማርኛ፣ ወደ እኔ ዞራ፣ «የእኔን አላውቀውም» አለች። «የምታውቀው እናቴ ነበረች። ሳልጠይቃት ሞተችብኝ።»

ይህን ለሴትየዋ በጀርመንኛ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። እኔም ያን ዕለት መስማቴ ነበር።

ሴትየዋ የእናቴን ስም ሁለት ጊዜ አስደግመው ጠየቁኝና ወደ ማይክሮፎኑ ክፍል ሄዱ። ነጂው እናቴን ነይ ግቢ ብሎ በእጁ ጠራት። ተጠጋሁላትና ገመዱን አስያዝኳት።

በድምፅ ማጉያው ስሟ ተጠራ።

እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«እመት!» አለች።

በቀጭን ድምፅ ነበር፣ ከጓሮ የተጠራች ልጅ እየሮጠች ለእናቷ እንደምትመልሰው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ እስክትሞትብኝ ድረስ፣ ያን ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም።