ልብ ብለዋል

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ካውያ» በሚል ስም ነው። ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ ስለኖረች የወጣላት ስም ነው እንጂ ጠባይዋስ ለብ ያለ ውሃ ነው። ስሙ ለእኔ ለታናሿ ነበር የሚገባው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ቱግ ባልኩ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ሶኬትሽን ንቀይ» ትለኛለች።

ባሏ ልጆቹ ሳያድጉ ሞተባት። ሦስቱንም ያሳደገቻቸው እዚያ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ነው። ላውንደሪው ጠባብ ነው፤ ከፊት ልብስ መቀበያ ባንኮኒ፣ ከኋላ ማጠቢያ ማሽኖቹ፣ ጥግ ላይ የእሷ ጠረጴዛ። ሸሚዝ ስትተኩስ ከኮሌታው ትጀምርና ወደ እጅጌው ትሄዳለች፤ ጀርባው መጨረሻ ነው። ካውያው መሞቁን የምታውቀው ጣቷን ምራቅ አስነክታ ታችኛውን ፊቱን ቸብ በማድረግ ነው። እንዲህ ስታደርግ ኖራ የጣቶቿ ጫፍ ደንድኗል፤ እኔ በጨርቅ የማልደፍረውን ድስት እሷ በባዶ እጇ ታወርደዋለች። ትልቁ ልጇ ትንሽ ሳለ አስተማሪው «እናትህ ምን ትሠራለች?» ቢለው «ተኳሽ ናት» ብሎ ሰውየውን አስደንግጦት ነበር። እሷ ይህን ስታወራ ዛሬም እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች።

እዚያ ቤት ስልክ ጠላት ነበር። ልጆቹ ጎርምሰው ስልክ መያዝ ሲጀምሩ በሩ ላይ የልብስ ቅርጫት አስቀመጠች። ራት ሲቀርብ ስልክ የተባለ ሁሉ እዚያ ይገባል። «ፊታችሁን ልየው፤ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ሸሚዝ ነው» ትላቸዋለች። ትልቁ «እማዬ፣ ዘመኑ ጥሎሽ ሄዷል እኮ» ይላታል፣ ሴቷ ታኮርፋለች፣ ትንሹ ደግሞ ቅርጫቱ ውስጥ ስልኩ በጮኸ ቁጥር አንገቱን እያሰገገ ምግቡን ሳያኝክ ይውጠዋል። እሷ ንቅንቅ አትልም።

ከዚያ አደጉና ወጡ። ትልቁ ሌላ ከተማ ባንክ ተቀጠረ፤ ሴቷ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆነች፤ ትንሹ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የሚዋልበት መሥሪያ ቤት ገባ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የእህቴ ልጆች ግን በአንድ ነገር ልዩነት የላቸውም፤ እናታቸው ስትደውል ስልክ አያነሱም። «እማዬ፣ አትደውይ፣ ሥራ ላይ ነን። ግሩፕ ላይ ላኪልን» አሏት። ዘመናዊ ስልክ ገዙና «የእማዬ ልጆች» የሚል ግሩፕ ከፈቱላት። ያቺ ባለ ቅርጫት፣ ለልጆቿ ስትል ስልክ መነካካት ተማረች። መጻፍ ግን አልሆነላትም። ፊደል ጠፍቷት አይደለም፤ ያንን የደነደነ ጣቷን ስልኩ አልቀበል ብሏት ነው። ትነካዋለች፣ ዝም። ትጫነዋለች፣ ዝም። የሚታዘዝላት አውራ ጣቷ ብቻ ነው። እሱን ማይክራፎኑ ላይ ትጭንና ትናገራለች፤ ድምፅ ትልካለች።

እኔም ግሩፑ ውስጥ ነበርኩ፤ አባረሩኝ። እናታቸው ስለ ጉልበቷ ሕመም ያን ያህል ተናግራ አንዳቸውም መልስ ሳይሰጧት ሲቀሩ «እናንተ ደንቆሮዎች፣ ጆሯችሁን የት አስይዛችሁት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ትልቁ «አክስቴ፣ ይሄ የሰላም ግሩፕ ነው» አለኝና ሰረዘኝ። ሰላም ይንሳህ ልለው ነበር፣ የእህቴ ልጅ ሆኖብኝ ተውኩት።

እሷ ግን ሙጭጭ አለችበት። ስትተኩስ ስልኩን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በክር ጥቅል አስደግፋ ታቆመዋለች። ብልጭ ባለ ቁጥር ካውያውን ገትራ ታየዋለች፤ አንድ ቀን የሰው ሱሪ ልታቃጥል ለጥቂት ተረፈች። ልጠይቃት ስሄድ ዐይኗ እኔ ላይ አይቆይም። «ቅርጫቱ የት ገባ?» ስላት ትስቃለች። «ምን አሉሽ ታዲያ?» ስላት «ልብ ብለዋል» ትለኛለች። ሁልጊዜ መልሷ ይሄው ነው። እኔም እናታቸውን ልብ ካሉ ምን ጎደለ ብዬ ዝም እላለሁ።

ለነገሩማ እነዚያ ልጆች ሌላ ዘመን ላይ ደርሰው ኖሯል። እናታቸውን ስልክ ውስጥ ከተቷትና ራሳቸው ደግሞ መውጣት አማራቸው። ሴቷ «ለአእምሮዬ ሰላም ስል ከስልክ እረፍት ላይ ነኝ» እያለች ግሩፑን ድምፁን አጥፍታዋለች። ሲላት ትከፍትና ከላይ እስከ ታች ልብ ረጭታበት ትወጣለች። እረፍቱ ከእናቷ ነው እንግዲህ። ይሄን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ቀድሜ ብሰማ ኖሮ ሆቴሏ ድረስ ሄጄ እንግዳ አቀባበል አሳያት ነበር።

ባለፈው ወር እህቴ ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኘና በቀዶ ጥገና ይውጣ ተባለ። ሐኪሙ ቀላል ነው አላት። እሷ ግን በሕይወቷ ሐኪም ቤት አድራ አታውቅም። ከሰው ሁሉ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሻንጣዋን ስናዘጋጅ ነገረችኝ።

«አንቺማ እንደማትለዪኝ አውቃለሁ። ግን ሲያስገቡኝ ከሦስቱ አንዱ እጄን ቢይዘኝ ነው የምወደው።»

«ልደውልላቸው?»

«ኧረ ተይ፣ ባንቺ አፍ ከሰሙማ የሞትኩ ነው የሚመስላቸው። ግሩፑ ላይ ነግሬያቸዋለሁ። ልብ ብለዋል።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

አመንኳት። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?

በቀጠሮው ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሰጥቶን ተቀመጥን። ከኋላ የሚታሰረውን ሰማያዊ ልብስ አልብሰዋታል። እሱንም «ማን ነው የተኮሰው፣ ጨማድዶታል» ብላ አማችው። ሰው ከደረጃው ብቅ ባለ ቁጥር ቀና ትላለች፣ መልሳ ትቀመጣለች። ነርሷ መጥታ «እናቴ፣ ተራዎ ደርሷል» ስትላት «የኔ ልጅ፣ ልጆቼ እስኪደርሱ ትንሽ ታገሽኝ» አለቻት። ሌላ በሽተኛ ቀድሞ ገባ። እንደገና ተጠራች፤ እንደገና «ትንሽ» አለች።

እኔ አላስችል አለኝ። «እመጣለሁ ያለሽ የትኛው ነው?»

«ልብ ብለዋል አልኩሽ እኮ። እይው» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

አየሁት። ከላከችው ድምፅ ሥር፣ ሰሊጥ የሚያካክሉ ቀያይ ልቦች ተደርድረዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቃል የለም። ግሩፑን ወደ ላይ ባየው፣ ባየው፣ እኔ ከተባረርኩ ወዲህ እሷ የላከችው ድምፅ ሁሉ ሥሩ ልብ ነው። እህቴ ያንን ምልክት «ልብ ብያለሁ» ማለት ነው ብላ ነበር ይሄን ሁሉ ጊዜ የኖረችው። ልብ ያለ ሰው ልብ ይልካል፤ ምን ታርግ፣ አማርኛዋ እንደዚያ ነው። ያስተማራት የለ።

ደሜ ፈላ። «ውሃ ልጠጣ» ብያት ደረጃው ጋ ሄድኩና ደወልኩ። ትልቁ አላነሳም፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ አክስቴ፣ ጻፊልኝ» የሚል መልእክት መጣ። ጻፍኩለት። የጻፍኩት እዚህ አይደገምም። የሴቷ ስልክ ዝግ ነው፤ እረፍት ላይ ናታ። ትንሹ አነሳ።

«እናትህ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው። የት ነህ?»

«ምን? እማዬ ምን ሆነች? ለምን አልነገራችሁንም?»

«ነግራችኋለች። ግሩፑ ላይ፣ በገዛ አፏ።»

«እሱን እኮ ልብ አድርጌበታለሁ...»

«ሰምተኸዋል?»

«ረጅም ነበር፣ አክስቴ» አለኝ።

«ሆዷ ውስጥ የከረምክበት ዘጠኝ ወርም ረጅም ነበር» አልኩትና ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ስመለስ ነርሷ እህቴ አጠገብ ቆማለች። «እናቴ፣ አሁን ካልገቡ ዶክተሩ ሊወጣ ነው። ሌላ ቀጠሮ ደግሞ ሩቅ ነው» ትላታለች። እህቴ እኔን አየችኝ። መንገድ ላይ ናቸው ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ሲዋሿት ነው እዚህ የደረሰችው፤ እኔም ልጨምርበት?

«እትዬ፣ ይሄ ምልክት ልብ ብያለሁ ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እወድሻለሁ ነው የሚሉት።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

ስልኩን ትንሽ አየችው። «አልሰሙማ» አለች።

«አልሰሙም።»

እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈላልጋ አደረገችና ተነሳች። እጇን ያዝኳት፤ በሩ ድረስ ሄድን። እጇ ቀዝቅዟል። በሩ ሲዘጋ እዚያው ቆሜ ሦስቱን ስረግም ነበር፤ ነርሷ እየጸለይኩ መስሏት ወንበር አመጣችልኝ።

በሰላም ወጣች። በማግስቱ ከሰዓት ሦስቱም መጡ፤ ትልቁ ብርቱካን፣ ሴቷ አበባ፣ ትንሹ ያበጠ ዐይኑን ይዞ። አልጋውን ከበቡ። «እማዬ፣ ምነው እንዲህ ሆነሽ ዝም አልሽን?» ይሏታል። የአብዬን ወደ እምዬ። እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ፤ እሷ እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ፣ ለምን ደከማችሁ» ትላቸዋለች ብዬ ስጠብቅ ምንም አትልም። ትልቁ ስልኩን አወጣና «ጠጋ በሉ፣ ፎቶ እንነሳና ግሩፑ ላይ እናድርገው» አለ። ግሩፑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኮ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

«ምን ብዬ ነበር?» አለች እህቴ።

«ምን አልሽ እማዬ?»

«ግሩፑ ላይ። የላክሁት ድምፅ ላይ ምን ብዬ ነበር?»

ተያዩ። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሲመጡ፣ አንዳቸውም ከፍተው አልሰሙትም። ሴቷ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ «አሁን እንሰማዋለን» ብላ ጆሮዋ ላይ ልታደርግ ስትል እናቷ ከለከለቻት።

«አስቀምጪው። እዚሁ አለሁ አይደል? እኔን ጠይቁኝ።»

«ምን ብለሽ ነበር፣ እማዬ?» አለ ትልቁ።

«ፈርቻለሁ ብዬ ነበር» አለች። «አንዳችሁ ኑና እጄን ያዙኝ ብዬ ነበር።»

ይህችን ቃል ከእህቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ባሏ ሲሞት አልፈራሁም ያለች ሴት ናት። ትንሹ አለቀሰ። ትልቁ ብርቱካኑን መሬት ላይ አስቀምጦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበረከከና እጇን ለመያዝ እጁን ዘረጋ።

«አሁንማ አልፈራም» አለችው። «አሁን ተናድጃለሁ።»

እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችው።