መኪና የገጫት ጀልባ

አቃቂ በሰቃ ካለው የቦቴ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፎርማኑ መጥረጊያ ሰጡኝ። ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ የያዙት ሐሳብ ግን በመዶሻም አይወጣም። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ «የብየዳ ጭምብሉ የት ነው?» አልኳቸው።

«የሴት ዓይን የብየዳ ብርሃን አይችልም» አሉኝ።

«የወንዱ ከምን ተሠራ?»

የተቀጠርኩት ለረዳት በያጅነት እንጂ ለጽዳት አልነበረም። ያንን እስኪያምኑ ድረስ ከፊታቸው አልተነቃነቅኩም። ከሰዓት በኋላ ጭምብሉን ሰጡኝ። ለራሴ ሰፊ ስለነበር ባጎነበስኩ ቁጥር እየወረደ አገጬን ይመታኛል። ሲመሽ ያመመኝ ጥርሴ እንጂ ዓይኔ አልነበረም።

ቦቴ ማለት ነዳጅ ወይም ውሃ የሚጭን ባለ በርሜል መኪና ነው። የእኛ ሥራ የበርሜሉን ስንጥቅ ፈልጎ መበየድ ነበር። ስንጥቅ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ በርሜሉ ከውጭ ኖራ ይቀባል፤ ኖራው ሲደርቅ ከውስጥ ውሃ ይሞላል። ውሃው ባመለጠበት ቦታ ነጩ ኖራ ይጠቁራል። ቦታው በጠመኔ ይከበባል፣ ውሃው ይለቀቃል፣ ከዚያ ይበየዳል። ከረዳትነት ፎርማንነት እስክደርስ ሌላ ዘዴ አላየሁም፤ አልፈለግኩምም።

ፎርማን ስሆን አንድ ነገር ከለከልኩ። ዝገትን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት በእኛ ግቢ የለም። የተቆጣ ደንበኛ ካለ፣ «ቀለም ቤቱ ማዶ ነው» እለዋለሁ። ብዙ ሰው ወደ ማዶ ሄዷል። አብዛኛውም አስፋልት ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ተመልሷል።

ጡረታ ልወጣ ስቃረብ ነው አንድ አይሱዙ ጀልባ ጭኖ ግቢያችን የገባው። ሾፌሩ ወርዶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አብረውት የወረዱት አዛውንት የጀልባዋ ባለቤት ናቸው፤ አቶ ገመቹ ይባላሉ። ከአቃቂ በታች ባለው ግድብ ላይ ሰውና ሣር ያሻግራሉ።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«መኪና ገጫት።»

በያጃችን ሰይድ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው። በብየዳ የሱን ያህል የጸዳ እጅ አላየሁም፤ አፉን ግን የሚዘጋ ሰው አልተገኘም።

«ቅድሚያ የማን ነበር አባቴ?» አላቸው።

«ሳቅ አንተ! ትራፊኩም ሰሌዳ ቁጥሯን ነው የጠየቀኝ።»

ነገሩ ቀላል ነበር። ጀልባዋ ዳር ላይ ተጎትታ ተኝታለች። አይሱዙው ሣር ሊጭን ወደ ኋላ ሲሄድ ወጣባት። የኋላ ሆዷ ተጎድጉዷል፤ ስፌቷም ተከፍቷል። በመዶሻ ሳንኳኳት ከፊት በኩል ብረት ሆና ጮኸች። ከኋላ ግን እንደ ካርቶን ድፍን አለች። መኪናው ባይገጫትም እዚያ ጋ ዝገቱ በልቷታል ማለት ነው።

አቶ ገመቹ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እትዬ ዘነበች፣ ትንሽ ስቱኮ ጣል ጣል ቢያደርጉባት? አረንጓዴ ቀለም እኔ አመጣለሁ።»

«ሰው ይሳፈርባታል?»

«ታዲያስ።»

«ስቱኮው ዋና ይችላል?»

እጃቸውን ጀልባዋ ላይ አሳረፉ። «ልጄ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ካልገባህ እያለች ነው። አራተኛ ፎቅ። እዚያ ተቀምጬ ምን ላሻግር?» አሉኝ።

በማግስቱ ልጃቸው ጫልቱ መጣች። ሁለት ታክሲ ይዛ፣ ሙዝ ገዝታ ነው የመጣችው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ትሑት ልጅ ናት።

«እማማ፣ እባክዎ አትሠራም ይበሉልኝ። ባለፈው እምቦጭ አረም ይዞት ውሃ መሃል ሲጣራ ዋለ። ዋና አይችልም። የኔን ቃል አይሰማም፤ የእርስዎን ይሰማል።»

«ሙዙን ይዘሽ ሂጂ።»

«ኧረ እማማ፣ ሙዙ ጉቦ አይደለም!»

«እንግዲያው ነገሩ ካለቀ በኋላ አምጪው። ለአባትሽ አልዋሸሁም፤ ለአንቺም አልዋሽም። ቅዳሜ ሁለታችሁም ኑ፤ ዓይናችሁ እያየ ትመርመር።»

ቅዳሜ የተከፈተውን ስፌት ለጊዜው በጨርቅ ወትፈን፣ ጀልባዋን በብረት ማቆሚያ ላይ ሰቅለን ኖራ ቀባናት። ጀልባ ስትመረመር ውሃ ላይ ትቀመጣለች እንጂ ውሃ አይሞላባትም፤ እኛ ግን የቦቴ ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን ይህን ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። በዚያን ቀን አንድ የውሃ ቦቴ ቧንቧው ተበላሽቶ ከነጭነቱ ገብቶ ስለነበር ውሃውን ወደ ጀልባዋ ለቀቅነው።

በሰፈሩ የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሮጠ። ኖራው ገና ሳይጠቁር በር ላይ የጀሪካን ሰልፍ ተሠራ።

«አዲሱ ሮቶ ይህ ነው?» አሉ ከፊት የቆሙት እናት።

«ጀልባ ናት» አለ ሰይድ።

ሴትዮዋ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ጀልባ ውሃው ከውስጥ ነው እንዴ?»

ሰይድ ባትሪውን ይዞ ከሥር ተንጋሎ ገባ። «እትዬ ዘነበች፣ ከፊት አንዲት ጠብታ የለም!» ሲል ሰማሁት። ሌላ ነገር ሊል ሲጀምር የኋላው ላሜራ አበጠ፤ ከዚያ ተረተረ። የቦቴ ሆድ ክብ ስለሆነ ክብደት ይችላል፤ የጀልባ ሆድ ግን የተሠራው ከውጭ ለሚገፋው ውሃ ነው። ሰይድ ከጫማው አንድ እግር ብቻ ቀርቶት ወጣ። ሴቶቹ ሰልፉን ትተው ጎርፉን በጀሪካን አሳደዱት።

አቶ ገመቹ አልሳቁም። ወደ ተረተረው ቦታ ሄደው አውራ ጣታቸውን ብረቱ ላይ ጫን አደረጉ። ጣታቸው ቀለሙንም ብረቱንም በስቶ ገባ። አውጥተው አዩት፤ ዝገት ለብሷል።

«በዚህ ነው ሰው ሳሻግር የኖርኩት?» አሉ። ጣታቸውን በካፖርታቸው ጠርገው፣ «ተዉአት። ለቁራሌ ስጧት» አሉኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ጫልቱ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ ተለዋውጧል። «እማማ፣ እንደምንም አትበየድም? ትንሽ ነገር ቢደረግላት?»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ አትሠራም በይልኝ ያልሽኝ?»

«ማን ናት ያለችው?» አቶ ገመቹ ዞሩ።

«እርስዎም ዝም ይበሉ፤ ስቱኮ ጣል አድርጊ ብለውኛል።»

ጀሪካን የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባትና ልጅ ግን ተያይተው ቀሩ።

መዶሻዬን ለአቶ ገመቹ ሰጠኋቸው። «ጀልባዋ የእርስዎ ናት። ከፊት ጀምረው ያንኳኩ» አልኳቸው። እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን እያስጠጉ ሄዱ። ከመካከል ትንሽ አልፈው ድምፁ ሲለወጥ ቆሙ። አንድ ጊዜ መልሰው አንኳኩ። ከዚያ ጠመኔ ለምነው ከዳር እስከ ዳር አሰመሩ።

«እስከዚህ የኔ ናት» አሉ።

በመሥመራቸው ላይ ቆረጥናት። ኋላዋን በአዲስ ላሜራ ዘጋን፤ ሰይድ ስፌቱን ከውስጥም ከውጭም በየደው። ጀልባዋ አጥራ ለአንድ ቀዛፊና ለሣር ብቻ የምትሆን ሆነች። «ከእንግዲህ ሰው አላሻግርም» ብለው የተናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ጫልቱም ደማቅ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ገዝታ በካፖርታቸው ላይ አለበሰቻቸው። ቀበቶውን አጥብቃ ስታስር፣ «ሣሩ ያውቀኝ ይሆን?» አሉ።

ግድቡ ላይ ስትወርድ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔ ነበርኩ፤ የመጨረሻዋም። እኛ በበየድነው ሌላ ሰው መሞከር ልክ አይደለም። ሁለቱን ዳር በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ ዓይኔን ከስፌቱ ላይ ሳልነቅል ተቀመጥኩ። ወለሉ ደረቅ ነበር።

«እትዬ ዘነበች፣ ሰው ያስፈራሉ፣ ውሃ ይፈራሉ» አሉ አቶ ገመቹ እየቀዘፉ።

«ፊትዎን አዙረው ይቅዘፉ» አልኳቸው።

በዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ባለቤቱ የተበላሸውን ብረት በእጁ ሳይነካው አትቁረጡት፤ መቼም ቢሆን ግን አትሸፍኑት።