አያቴ ያስመዘገቡት ቤተሰብ

አላህ ይዘንላቸውና፣ አያቴ ሰው ሲቆጥሩ ማንንም አይዘሉም ነበር። ጦርነቱ ጋብ እንዳለ የቀበሌ መዝጋቢ ሐይቅ ከተማ ወዳለው ቤታችን መጣ። አያቴ እንደ ልማዳቸው በራችን ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?" አላቸው።

እናቴንና እህቶቼን ቆጠሩ። ከቆቦ ሸሽታ እኛ ጋ የተጠለለችውን ሴት ከነልጆቿ ጨመሩ። ክርስቲያን ጎረቤታችንን እትዬ ዘነቡን ከነልጆቻቸው አስከተሉ። በመጨረሻ ጅዳ ያለሁትን እኔን ጠሩ።

"የቤቱን ሰው ብቻ ነው የጠየቅሁዎት!"

"ታዲያ የማንን ሰው ቆጠርኩልህ? ስሞት ለለቅሶዬ የማይመጣ ካለ፣ እሱን ሰርዘው።"

ይህን እህቴ በስልክ ስትነግረኝ ስቄ ነበር።

ባለፈው ክረምት አረፉ። መቃብራቸውን የቆፈሩት የእትዬ ዘነቡ ልጆች ናቸው። ወደ አገሯ ተመልሳ የነበረችው የቆቦዋ ሴትም ልጆቿን ይዛ በአውቶብስ ደረሰች። ካስመዘገቧቸው ሁሉ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አሠሪዬ ፓስፖርቴን ይዞብኝ።

አሁን ተመልሻለሁ። ድንጋይዋ ላይ እስካሁን ማንም አልተቀመጠም። ትናንት ያው መዝጋቢ መጥቶ "ስንት ናችሁ?" ሲለኝ፣ እናቴንና እህቶቼን ቆጠርኩና ራሴ ላይ ስደርስ "እኔን ሰርዘኝ" አልኩት። እትዬ ዘነቡ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሲሰሙኝ ኖሯል።

"አብሽር ልጄ፣ ዘግይቶ የመጣ ለቀስተኛም ለቀስተኛ ነው" አሉኝና ወደ መዝጋቢው ዞሩ።

"ጻፈው። እኔንም እንዳትረሳኝ።"