አያርፌና ራሳቸውን የሚያጠጡት ባልዲዎች

ጡረታ የወጣ ሾፌር ቤቱ ተቀምጦ ሲውል አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። አያርፌ ግን መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆነለትም። ስሙን ያወጡለት የጋራዥ ጓደኞቹ ናቸው፤ የወጣለትም ያለ ነገር አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ በከባድ መኪና ጭነት ሲያመላልስ ኖሮ፣ እግሩ ከነዳጅ መስጫው ላይ ከተነሳ ወዲህ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ወጥ ቤት ሲንጎራደድ ይውላል። ሚስቱ፣ "ኧረ በፈጠረህ አንድ ቦታ አቁመው!" ትለው ነበር፣ ዛሬም መኪና የያዘ ይመስል።

በዚያ ሰሞን ልጃቸው በሩቅ ከተማ የበኩር ልጇን ተገላገለች፤ ወንድ ነው። ሚስቱ ልታግዛት ስትነሳ እሱም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ተከተላት። በር ላይ አቆመችው።

"አንተ ደሞ የት?"

"የልጅ ልጄን ላይ ነዋ!"

"አበቦቼንስ ማን ያጠጣ? ባለፈው ለጎረቤት አደራ ብዬ ገለባ ሆነው እንደጠበቁኝ ረሳኸው? የሚያጠጣቸው ካገኘህ ና፤ ካላገኘህ አርፈህ ተቀመጥ።"

ተቀመጥ! ይህን ቃል ሲሰማ ያንገበግበዋል። ደግሞም አንድ የቆየ ቁስል ነበረው። የገዛ ልጁ ስትወለድ እሱ መንገድ ላይ ነበር። ጭነት በጭነት ላይ ሲደራረብበት ቆይቶ ቤቱ ሲደርስ፣ ልጅቷ ጥርስ አብቅላለች፤ እጁን ሲዘረጋላት እንደ ባዕድ ሰው አይታው አለቀሰች። ያ ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም። ይኼኛው ሕፃን እንደዚያ እንዲያየው አልፈለገም።

በረንዳው ላይ ጽጌረዳ፣ ጅራኒየምና አንድ ባልዲ ናና ነበሩ። ከፊታቸው ሲመላለስ ድንገት የልጅነት የሳይንስ መጽሐፉ ትዝ አለው። ገጹ ላይ ፋኖስ ተስሏል፤ ክሩ ከታች ጋዝ እየመጠጠ ወደ ላይ ያወጣል። መምህሩ ሥዕሉን በአለንጋቸው ጫፍ እየነኩ፣ "ማን ነው የሚገፋው? ማንም! ክሩ ራሱ ይስበዋል" ሲሉ ታየው። ታዲያ ጋዝ የሳበ ክር ውሃ ምን ይከለክለዋል?

ዕለቱኑ ባዶ የቀለም ባልዲዎች ሰበሰበ። አንዱን ባልዲ በሌላው ውስጥ ሰካ፤ ከታች ውሃ፣ ከላይ አፈር። የላይኛውን ቂጥ በስቶ ያረጀ ካናቴራውን ቀዶ እንደ ፋኖስ ክር አወረደበት። የውሃውን ልክ እንዲያይ በጎን ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ አቁሞ፣ በውስጡ በስንጥር የተሰካ ቡሽ አንሳፈፈ። አፈሩን ከሚሠራ ሕንፃ ሥር ቀይ ቀዩን ዝቆ አመጣና አበቦቹን ተክሎበት በዘነዘና ጠቀጠቀው። ያልተጠቀጠቀ ጭነት ኩርባ ላይ ሾፌሩን ጉድ እንደሚያደርግ እሱ ያውቃል!

አበቦቹ ግን ሰነባብተው ቢጫ ሆኑ። "ርቧቸው ነው" አለና ነጩን ማዳበሪያ በእፍኙ በተነላቸው። ይባስ የቅጠሎቹ ጠርዝ እሳት እንደለበለበው ተኮማተረ፤ አፈሩም ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ። በስልኩ ደግሞ የሕፃኑ ፎቶ በየቀኑ ይመጣል፤ ዛሬ ዓይኑን ገልጦ፣ ነገ ሲያዛጋ። ልጁ ያድጋል፣ አበባው ይሞታል፣ እሱ መሐል ቤት ይሽከረከራል። በመጨረሻ ጅራኒየሙን ከነባልዲው ታቅፎ ወደ ችግኝ ሻጯ ሮጠ።

ሴትዮዋ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ልትከት ሞከረች፤ እምቢ አላት።

"አባባ፣ ይሄ አፈር ነው አስፋልት?"

"እንዳይንቀሳቀስ ብዬ ጠቅጥቄው ነው፣ ልጄ።"

"የት ይሄድብዎታል?" ብላ ሳቀች። "እንዲህ ከታች ለሚጠጣ ተክል ሸክላ አፈር አይሆንም። ውሃውን ይዞ አይለቅም፤ ሥሩ አየር ያጣል። ደሞ ይሄ ነጭ ነገር ምን መሰለዎት?"

"አመዳይ መስሎኝ።"

"የማዳበሪያው ጨው ነው! ከላይ ቢያጠጡት፣ ከታችም መውጫ ቢኖረው ታጥቦ ይሄድ ነበር። እዚህ መውጫ የለው፣ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣል።"

"ቢጫ ሲሆንብኝ የራበው መስሎኝ ነው እኮ።"

"ውሃ ውስጥ ለሰጠመ ሰው ምሳ ይቀርብለታል?"

አያርፌ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ወዲያው የኮኮናት ቃጫ፣ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽና ፈንዲሻ የመሰለ ቀላል ነጭ ጠጠር አቀላቀለችለት። አርጥባ አንድ ጭብጥ ጨመቀች፤ ያዘ። በአውራ ጣቷ ነካ ስታደርገው ፍርክስ አለ።

"እንዲህ ሲሆን ነው። ለጊዜው ብስባሹ ይበቃዋል። በኋላ ፈሳሹን ማዳበሪያ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ግማሹን ብቻ። እና አባባ፣ ዘነዘናውን ይደብቁት። ውሃውን አንዴ ሞልተው ቡሹ እስኪወርድ አይንኩ።"

ሁሉንም እንዳለችው አዛወረ። አለመንካቱ ግን የእሱ ሥራ አልነበረም። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቱቦውን ያያል፤ ቡሹ ዝቅ ያለ ሲመስለው ጣሳ አንሥቶ ጠብ ያደርግበታል። ቡሹም አይወርድ፣ ተክሉ ይጠጣ አይጠጣ አይታወቅ። ለችግኝ ሻጯ ደውሎ፣ "አልጠጣም አለ!" አላት።

"እየሞሉበት እንዴት ይታወቃል? አባባ፣ በቃ ከቤት ይውጡ!"

ወጣ። ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ ድሮው ጋራዥ ሄደ።

"አያርፌ! ሚስት አባረረችህ እንዴ?" አለው መካኒኩ ከመኪና ሥር ብቅ ብሎ።

"አበባ ነው ያባረረኝ።"

በቆመ መኪና ጋቢና ውስጥ እየተገላበጠ ሰነበተ። የሰው መፍቻ እያቀበለ፣ ያልጠየቁትን ጎማ እየነፋ፣ ልቡ በረንዳው ላይ ነበር። መካኒኩ ሲመረው፣ "ጎማችንን ሳታፈነዳ ሂድና አበባህን እይ!" ብሎ ሰደደው።

የቤቱን ደረጃ በሩጫ ወጣ። ቡሹ ወርዷል! ከቱቦው ወገብ በታች። አፈሩን በጣቱ ጫፍ ነካው፤ ቀዝቀዝ፣ ረጠብ ብሏል። ናናው ቀና ቀና ብሏል፤ ጅራኒየሙ ቢጫ ቅጠሉን ባይጥልም እየጠጣ ነው። ጽጌረዳዋ ግን እንጨት ሆናለች፤ ጫፏን ሲያጎብጠው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ወዲያው ለሚስቱ ደወለ።

"ቡሹ ወረደ!"

"የምን ቡሽ?"

እየተንተባተበ ከፋኖሱ ጀምሮ አስረዳት።

"ጽጌረዳዬስ?"

"ገደልኳት።"

"በምን?"

"ጠቅጥቄ።"

ከወዲያ ማዶ የሕፃኑ ለቅሶ ተሰማ። እሷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

"አንተ ሰውዬ፣ የቀሩትን ሳትጨርሳቸው ውጣና ና!"

ባልዲዎቹን ሞልቶ፣ ቁልፉን አዙሮ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈረ። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፤ ከጎኑ የተቀመጠችው ሴት ጉልበቷን ሰበሰበች። ለምሳ ሲቆሙ ተሳፋሪው ሁሉ ገና እጁን ሲታጠብ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሾፌሩን በመስኮት በዓይኑ ይፈልግ ነበር።