ጋሽ ክብሪት የበሳው ቀዳዳ

ጋሽ ክብሪት የሚናደድበት ነገር አጥቶ አያውቅም። ጠዋት የወርክሾፑ ቁልፍ አልዞር ካለ በቁልፉ ይናደዳል። ወዲያው ከዞረለት ደግሞ ትናንት በደንብ ሳይቆልፍ የሄደው ማን እንደሆነ እየጮኸ ይጠይቃል፤ የሚቆልፈው ራሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በር፣ አጥርና አልጋ ሲበይድ ኖሯል። ስሙን ያወጡለት የጎረቤት ባለሱቆች ናቸው፤ አንዴ ከተጫረ የሰው ጣት ሳያቃጥል አይጠፋም ብለው። ስሙን የሰማ ዕለት ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ተቆጣ። ስሙም በዚያው ጸና።

ይህ ሰው አንድ የማይሽረው ልማድ ነበረው። የሠራውን ዕቃ ሳይቀመጥበት ከወርክሾፑ አያስወጣም። አልጋ ከሆነ ጠርዙ ላይ፣ በር ከሆነ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ መሃሉ ላይ ዘጠና ሁለት ኪሎውን ዘጭ ያደርግና ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ይላል። ብረቱ ካልጮኸ ይወጣል፤ ከጮኸ ይፈርሳል። አንድ የቸኮለ ሙሽራ፣ "ጋሼ፣ አልጋው እኮ የኛ ነው" ቢለው፣ "እኔን አንዱን ካልቻለ እናንተን ሁለታችሁን ይችላል?" ብሎ አፈጠጠበት። ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ወርክሾፕ አንገቱን ሳይደፋ የወጣ ሰው የለም።

ልጁ የመነጽር ባለሙያ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሌንስ ስትሞርድ ቆይታ ዘንድሮ በቃኝ አለች። ከዋናው መንገድ የራቁት ከተሞች ውስጥ መነጽር አጥተው ወረቀት አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው የሚያነቡ ሰዎች እንዳሉ ሰምታለች። "እነሱ ወደኔ እስኪመጡ ከምጠብቅ እኔ ልሂድላቸው" አለች። አባቷ አንድ ወር ተቆጣ። ሥራ በመልቀቋ አንድ ሳምንት፣ በመንገዱ አንድ ሳምንት፣ የቀረውን ሁለት ሳምንት በሞተር ሳይክሏ።

በሞተሩ ቢናደድ አይፈረድበትም። የውድድር ሞተር ነው፤ መሪው ዝቅ፣ ጭራው እንደ ተርብ ወደ ሰማይ ቀጥ ያለ። የሚነዳው ሰው ሆዱን በነዳጅ ታንኩ ላይ አስተኝቶ ነው። ለፍጥነት ተብሎ ስለተሠራ አንድ እሽግ ብስኩት የሚታሰርበት ቦታ እንኳ የለውም። እሷ ግን ሦስት ዓመት ነድታዋለች፤ ጠባዩን ታውቃለች፤ ትወደዋለች። የቸገራት የዓይን መለኪያው ሣጥን ነው። ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት ሌንሶች በረድፍ የተደረደሩበት የእንጨት ሣጥን ነው፤ አንዱ ከተሰበረ የአንድ ሰው ዓይን ሳይለካ ይቀራል። በጀርባዋ አዝላው ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለቱንም ጊዜ ጎብጣ ተመለሰች።

"ዕቃሽን በጨርቅ ቋጥረሽ ስትንከራተቺ አላይም" አላት አባቷ። "ግራና ቀኝ የብረት ሳጥን እሠራልሻለሁ። አትሂጂ ብልሽም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሻል። እንግዲህ ከሄድሽ አይቀር እንደ ሰው ሂጂ።"

ሠራላትም። የሠራው ግን በር የሚሠራ ሰው እንደሚሠራው ነው። ላሜራው የግቢ በር ላሜራ፣ ማጠፊያው የግቢ በር ማጠፊያ፣ ለጓጉንቸር የሚሆን መቀርቀሪያ ሁሉ አለው። አንዱ ሳጥን ባዶውን አሥራ አራት ኪሎ መዘነ። ጎረቤት ጋራዥ ያለው የሚስቱ ወንድም፣ መካኒኩ፣ ብቅ ብሎ አየና "ጋሼ፣ ትንሽ አልከበደም?" አለ።

"በር ሲከብድ ነው ሌባ የሚመለሰው! አንተ ዘይትህን ቀይር፤ ሂድ!"

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሄደ። ከሃያ ዓመት የቤተሰብ ኑሮ የተማረው ነገር ቢኖር መቼ መሄድ እንዳለበት ነው።

ከዚያ ጋሽ ክብሪት ብረት መብሻውን፣ ትራፓኖውን አነሳ። ሳጥኖቹን የሚይዘው ማቀፊያ በቡሎን እንዲታሰር የሞተሩን ጭራ ግራና ቀኝ አራት ቦታ ሊበሳው ነው። ልጁ የሞተሩን መመሪያ ደብተር ይዛ አጠገቡ ቆማለች፤ ጣቷ አንድ ገጽ መሃል ተሰክቷል። አፏን ከፈት አደረገች። እሱ ደግሞ የትራፓኖው ገመድ ተጠላልፎበት ገመዱን፣ ገመዱን የሠራውንና የሸጠለትን ይረግማል። ደብተሩን ዘጋችና "አባዬ፣ ውሃ ላምጣልህ?" አለችው።

ሥራው ሲያልቅ ወጉን አደረሰ። ሞተሩን በመቆሚያው ላይ አቆሙት። እሱ ማቀፊያው ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አለ። አልጮኸም።

"አይሰበርም" አለና ወረደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷ ሳጥኖቹን በሌንስ ፈንታ በጡብ ሞልታ በድንጋይ መፍጫው በኩል ያለውን ኮረኮንች ልትሞክር ወጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞተሩን በእጇ እየገፋች መጣች። የሱሪዋ ጉልበት ተቀዷል፣ ክርኗ ተገሽልጧል፣ የቀኙ ሳጥን ወርዶ ጎማው ላይ ተጋድሟል። ጎማው ሳጥኑን እየፋቀ ቆልፎ ጥሏታል። ከኋላዋ የጭነት መኪና አለመኖሩ ነው ያተረፋት።

"ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ" አለች። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጋሽ ክብሪት ቱግ አለ። ዓይንሽን ምን ጋረደው አላት። መንገዱን የሠሩትን ሰዎች ከነአለቆቻቸው ረገመ። ሞተሩን የፈበረኩትን "ቆርቆሮ ሻጮች" አላቸው። እናቷ ክርኗን በሳሙና ውሃ እያጠበች በጆሮዋ "አትመልሺለት፣ ዝም አይነቅዝም" አለቻት። በዚያ ቤት ይህች አባባል እንደ ጨው ነበረች፤ ያለ እሷ አንድ ቀን አልተዋለም።

ሁሉም ወደ ቤት ሲገቡ ብቻውን ቀረና መቀመጫውን ፈትቶ አነሳው። ጭራው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የጀመረው ከቀኙ ቀዳዳ ነው፤ እሱ በገዛ እጁ ከበሳው። በጣቱ ተከተለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት የነካ ጣት አይሳሳትም። ጉድጓድ ቢኖርም ባይኖርም ይህ ነገር መሰንጠቁ አይቀርም ነበር። ጨርቅ ጣል አደረገበትና ወጣ።

እሑድን ሙሉ ቤቱን አተራመሰው። በወንበሩ ተቆጣ፣ በሬዲዮው ተቆጣ፣ ሚስቱን ጫማዬን ማን አነሳው አላት፤ ጫማው እግሩ ላይ ነው። ያናደደው ሌላ ነበር። ልጁ ጥፋቱን ወስዳለታለች፣ እሱም ሰጥቷታል። አፉን ከፍቶ "እኔ ነኝ" ማለት ሠላሳ በር ከመሸከም ከበደው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ማዘን ይሻላል ወይስ እሱን መምታት፣ እኔ አላውቅም።

ሰኞ ጭራውን ፈትቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ወደ መካኒኩ ጋራዥ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። መካኒኩ አገላብጦ አየው።

"ጋሼ፣ ቀዳዳውን ማን በሳው?"

"እኔ።"

መካኒኩ ቀና ብሎ አየው። ጩኸት ሲጠብቅ አልመጣም፤ ስለዚህ ደፈረ።

"ይሄ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ከተበሳ ያልቅለታል። ደግሞ ሳጥኖቹን ከኋላ ጎማው ወደ ኋላ አሳልፈህ ነው ያንጠለጠልካቸው። ሰው ሲፈናጠጥ ከጎማው ፊት ነው የሚቀመጠው።"

"እኔ እኮ ተቀምጬበታለሁ! ዘጠና ሁለት ኪሎ!"

"ሞተሩ ቆሞ ነዋ። በር አይሮጥም ጋሼ፤ ይሄ ይሮጣል። በየጉድጓዱ በዘለለ ቁጥር ሸክሙ እጥፍ ነው።"

ጋሽ ክብሪት ደም ሥሩ ተገተረ። ጭራውን ብድግ አድርጎ ቀዳዳውን አየና መልሶ ወረወረው።

መካኒኩ ከተጋጨ ሞተር የተረፈ ደህና ጭራ ፈልጎ አገኘ። ሳጥኖቹን እንደገና ሠሯቸው። በዚህ ጊዜ ከስስ አሉሚኒየም፣ እንደ ወረቀት ታጥፈው፣ ጠርዛቸው በሪቬት ምስማር ተመትቶ፣ እያንዳንዳቸው አራት ኪሎ ሳይሞሉ። "ይሄ ልብስ ስፌት እንጂ ብረት ሥራ አይደለም" እያለ አጉረመረመ፤ ሪቬቱን ግን ሌላ ሰው አላስነካም። አንድም አዲስ ቀዳዳ አልተበሳም። ማቀፊያው ፋብሪካው ራሱ ባበጀው የተፈናጣጭ እግር መርገጫ ቡሎን ላይ ታሰረ። ሳጥኖቹ ወደ ፊትና ወደ ታች መጡ። በቀኝ በኩል የጭስ ማውጫው ስለሚያልፍ የቀኙን አጠበቡት፣ እንዳይግልም መሃሉ ላይ መከለያ አደረጉ። መሪውን አንድ ስንዝር አይሙላ እንጂ ከፍ አደረጉት፤ ልጅቷ ከእንግዲህ ሆዷ ላይ ተኝታ አትነዳም። እናቷ የሌንሱ ሣጥን የሚገባበትን በወፍራም ስፖንጅ ለበጠችው።

ያለቀ ዕለት ሁሉም ቆመው ጠበቁት። "አትቀመጥበትም?" አለችው ልጁ።

"መቀመጤ ምን ፈየደ?" አለና ወደ መካኒኩ ፒካፕ ገባ። "ንጂ፤ ከኋላሽ ነን።"

በዚያው ኮረኮንች ሄዱ። ጡቦቹ በሌንሶቹ ክብደት ልክ ተጭነዋል። ጋሽ ክብሪት ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ጭራውን ብቻ ያያል። ሞተሩ በዘለለ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ድንጋይ መፍጫውን አለፉ፣ ድልድዩን አለፉ፣ ጭራው ንቅንቅ አላለም። መንገዱ ዳር ስትቆም ወርዶ ወደ እሷ ሄደ። መካኒኩ ጎማ የሚያይ መስሎ ወደ ኋላ ቀረ።

"ያን ቀን የጣለሽ ጉድጓድ አይደለም" አላት መሬት መሬት እያየ። "እኔ የበሳሁት ቀዳዳ ነው የተሰነጠቀው።"

"አውቃለሁ።"

"መቼ አወቅሽ?"

ሄልሜቷን አወለቀች። "ሳትበሳው በፊት። መመሪያው ላይ አለ አባዬ። ጭራውን አትብሱ ይላል፣ በትልቁ።"

"እያወቅሽ ነው የወጣሽበት?"

"የጫንኩት ጡብ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትቆጣለህ ብዬ።"

ቁጣው ከእግር ጥፍሩ ተነስቶ እስከ ናላው ወጣ። እንደ ልማዱ የሚያሳርፍበት ፈለገ። መንገዱ ላይ ማንም የለም፤ ፋብሪካው የለም፣ ገመዱ የለም፣ እሷም ጥፋት የለባትም። ደብተሩን፣ መሃሉ የተሰካችውን ጣቷን፣ "ውሃ ላምጣልህ" ያለችውን አስታወሰ። ልጁ ከመውደቅ ይልቅ የእሱን ጩኸት ፈርታለች። ዝም አይነቅዝም እያሉ ያሳደጓት ልጅ፣ ዝምታዋ ጎማ ሥር ሊከታት ነበር። አፈረ፤ ሲያፍር ደግሞ ባሰበት።

"ስሚ" አላት። "እቆጣለሁ። አልቆጣም ብዬ አልምልልሽም፣ ውሸቴን ነው። ግን ንገሪኝ። እየጮኽኩብሽም ቢሆን ንገሪኝ።"

ልጅቷ ዞር ብላ ሳጥኖቹን አየች።

"እሺ" አለች። "የግራው ሳጥን ጠሟል።"

"ምን? የግራው? እኔ በውሃ ልክ የለካሁት? ማን ነው ጠሟል ያለሽ? ዓይን ለካሁ ብለሽ ብረትም ልትለኪ ነው?"

ጩኸቱን መካኒኩ ከወዲያ ማዶ ሰምቶ ወደ መኪናው ሸሸት አለ። እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"ወደ ውጭ ነው የጠመመው" አለች። "ሁለት ጣት።"

እየጮኸ ጎንበስ አለ። እየጮኸ ከኪሱ ሜትሩን አወጣ፣ የላዩን ለካ፣ የታቹን ለካ፣ እንደገና የላዩን ለካ። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ።

"አንድ ጣት ተኩል ነው" አለ በንዴት። "አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አምጪልኝ።"