ከግጦሹ በር በላይ አንቱታ የለም

ወንድሜ ቪጊል፣ ላርች የሚባለውን ጥድ እየፈለጠ የጣሪያ ሳንቃ የሚያወጣ ሰው ነው። በእኛ በኡልተን ሸለቆ እሱ ያልከደነው ቤት ጥቂት ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ ሴት ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰራል። እንዲሁ እንዳለ ጢሙ ሸበተ።

የሚወዳት ኖትቡርጋን ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ኦርጋን የምትጫወተውን መበለት። ይህንን ከእሱ በቀር መንደሩ ሁሉ ያወራዋል። መንገድ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን አውልቆ «እንደምን አደሩ?» ይላታል፤ አለቀ። አንቱ የሚሏትን ሴት እንዴት ብለው አግቢኝ ይሏታል? እሷ ደግሞ ልጇ ዘንድ ልትኖር በሳምንቱ ጠቅልላ ወደ ከተማ ልትወርድ ነው።

በእኛ አገር አንድ ደንብ አለ፤ ተራራው ላይ ካለው ከግጦሹ በር በላይ አንቱታ የለም። ቄሱም ከንቲባውም እዚያ ሲደርሱ አንተ ናቸው። ስለዚህ የስንብት ሽርሽር ብዬ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። ለአንዲት ቃል ግማሽ ቀን መች ያንሳል አልኩ። ሞኝ ነኝ።

የግጦሹን በር እንዳለፍን ቪጊል «ደከመሽ እንዴ?» አላት። እሰይ አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲያ ግን መስኩን እስክንጨርስ ያወራው ስለ ላም ነው። ደኑ ውስጥ ስንገባ ጭራሽ ባሰበት። የላርቹ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ራሳችን ላይ ይረግፋል፤ ኖትቡርጋ ቆም ብላ ሽቅብ ታያለች፤ እሱ ግንዱን በጣቱ እያንኳኳ ይሄኛው ጠማማ ነው፣ ያኛው ለጣሪያ ይሆናል ይላታል። ዳቦና በጢስ የደረቀ ሥጋ ስንበላ ሆን ብዬ ዘወር አልኩላቸው። ስመለስ ስለ መጥረቢያ አሳሳል እያስረዳት ነው። ብግን አልኩ።

ቁልቁለቱን ከኋላ ሆኜ በልቤ እየሰደብኩት ወረድን። በሩ ዘንድ ስንደርስ ኖትቡርጋ ከፍታ አለፈች። ቪጊል ግን መዝጊያውን ይዞ ተገትሮ ቀረ። እለፍ ብለው ወይ ፍንክች።

«ካለፍኩማ አልችልም፣ ፊሎሜና» አለኝ። አንጀቴን በላው።

«እንግዲያው እዚሁ ቆመህ ተናገራ፣ አንተ ግንድ!»

ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኖትቡርጋ፣ አትሂጂ። አግቢኝ።»

እሷ የቆመችው ከበሩ በታች ነው፤ ደንቡን ደግሞ ታውቃለች። ሻሿን አስተካከለች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«አገባዎታለሁ» አለችው። «ግን በሩን ይዝጉት፤ ላሞቹ እየወጡ ነው።»

የእሱ ጆሮ ከመጀመሪያዋ ቃል ወዲያ አልሰማም። ላሞቹን መልሼ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።